ቴርሞዳይናሚክስን በኢንተርኔት በነጻ መማር፦ ከየት እንጀምር፣ ምን እናስከትል

ሙቀት፣ ሥራና ኢነርጂ እንዴት እንደሚዛመዱ የሚያጠናውን ቴርሞዳይናሚክስ በራሱ ጊዜ ለመማር የተነሳ ሰው ዛሬ መማሪያ አጥቶ አይቸገርም። የሚያስቸግረው ብዛቱ ነው። አንዱን ቪዲዮ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። ኢንትሮፒ የሚባለው የትምህርቱ ቁልፍ መጠን ላይ ሲደርስ አንዱ አስተማሪ ስለ ሞተር ያወራል፣ አንዱ ስለ ሞለኪውል፣ ሌላው ስለ ዩኒቨርስ መጨረሻ። ግራ ይገባውና “ይሄ ትምህርት ለእኔ አይሆንም” ብሎ ይተወዋል። ሳስበው ሰውን የሚያባርረው የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን ቅደም ተከተል ማጣት ነው።

ከዚህ በታች ያለው እኔ የማምንበት ቅደም ተከተል ነው። የምጠቅሳቸው ምንጮች ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ስማቸውን ጉግል ላይ ብትጽፉ ወዲያው ይመጡላችኋል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሂሳባችሁን ፈትሹ

ለመነሻ የሚያስፈልገው ሂሳብ ጥቂት ነው። ዴሪቬቲቭ ምን እንደሆነ ማወቅ፣ ቀላል ኢንተግራል መሥራት፣ ሎጋሪዝም አለመፍራት። ፈተናው አጭር ነው። አንድ ሲካፈል ለኤክስ የሚለውን ከ2 እስከ 6 ኢንተግሬት አድርጉት። መልሱ የ3 ናቹራል ሎጋሪዝም መሆኑን ካገኛችሁ ቀጥሉ። ካላገኛችሁ ካን አካዳሚ ላይ ያለውን የካልኩለስ ትምህርት እስከ ኢንተግራል ድረስ ተከታተሉ። ፓርሻል ዴሪቬቲቭ በኋላ ስለሚመጣ አሁን አትጨነቁበት።

2. አንድ ዋና ኮርስ ያዙ፤ አንድ ብቻ

ይህ ከሁሉም ደረጃዎች ትልቁ ውሳኔ ነው። ሌሎቹ ምንጮች ደጋፊ ናቸው፤ ዋናው ግን አንድ መሆን አለበት። ምልክቶቹም፣ ቃላቱም፣ የምዕራፎቹ አካሄድም ከአንድ እጅ ሲመጡ አእምሮ ቶሎ ይይዛል።

ለጀማሪ የምመርጠው ኦፕንስታክስ የሚያሳትመውን “ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ” ቅጽ 2 ነው። ኦፕንስታክስ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ነው። መጽሐፉ በፒዲኤፍ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልጋችሁም። የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች ሙሉ በሙሉ ቴርሞዳይናሚክስ ናቸው፤ መጠነ ሙቀትና ሙቀት፣ የጋዞች ካይኔቲክ ቲዎሪ፣ የመጀመሪያው ሕግ፣ ሁለተኛው ሕግ። ከየምዕራፉ በስተመጨረሻ ብዙ ጥያቄ አለ፤ ቁጥራቸው ጎዶሎ የሆኑት መልሳቸው መጽሐፉ ጀርባ ላይ ተቀምጧል። እነሱን ሥሩ። ማንበብ ብቻውን የገባን ያስመስለናል እንጂ አያስተምርም።

ያንን የጨረሰ ወይም ኬሚስትሪ የሚቀናው ሰው ወደ ኤም አይ ቲ ኦፕን ኮርስዌር ይሂድ። ቁጥሩ 5.60 የሆነው የቴርሞዳይናሚክስና ካይኔቲክስ ኮርስ እዚያ አለ። በ2008 የተቀረጹት የክፍል ቪዲዮዎች፣ የአስተማሪዎቹ ማስታወሻ፣ የቤት ሥራና ፈተና ከነመልሳቸው ተቀምጠዋል። ካስተማሩት አንዱ ሙንጊ ባዌንዲ ነው፤ በኋላ በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ኮርሱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሚሠራ ስለሆነ እናንተም እኩል እየጻፋችሁ መከተል ትችላላችሁ። ይህ ለዚህ ትምህርት ትልቅ ጥቅም ነው።

ምሕንድስና የሚማሩ፣ የእንፋሎት ተርባይንና ማቀዝቀዣ የሚያሳስባቸው ሰዎች ደግሞ ኤንፒቴል የተባለውን የሕንድ ኢንስቲትዩቶች የጋራ መድረክ ይዩ። የምሕንድስና ቴርሞዳይናሚክስ ኮርሶች አሉት፤ ትኩረታቸው ሳይክልና ሰንጠረዥ ላይ ነው።

አንድ ነገር መሃል ላይ ካልገባችሁ ዋናውን ኮርስ አትቀይሩ። ሃይፐርፊዚክስን ክፈቱ። የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገጽ ነው። መልኩ ያረጀ ቢመስልም ጽንሰ ሐሳቦቹ እርስ በርስ በካርታ ተያይዘዋል። ያልገባችሁን ነገር ከበስተጀርባው ካለው ሐሳብ ጋር በአንድ ጠቅታ ያገናኛችኋል። ገጾቹ አጫጭር ስለሆኑ አንብባችሁ ወደ ኮርሳችሁ ትመለሳላችሁ።

3. የምልክት ስምምነቱን ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉ

ከአንድ ምንጭ ወደ ሌላ የሚሸጋገርን ተማሪ እንደዚህ የሚያደናቅፈው ነገር የለም። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የመጀመሪያው ሕግ የሚናገረው ስለ ሲስተሙ፣ ማለትም ስለምናጠናው ነገር፣ የውስጥ ኢነርጂ ለውጥ ነው። በፊዚክስና በሞተር ትምህርት ሲስተሙ ወደ ውጭ የሚሠራው ሥራ ፖዘቲቭ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ የውስጥ ኢነርጂውን ለውጥ ለማግኘት ከገባው ሙቀት ላይ ሥራውን ትቀንሳላችሁ። በኬሚስትሪ ግን ፖዘቲቭ የሚባለው በሲስተሙ ላይ የተሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ሙቀትና ሥራ ይደመራሉ።

በቁጥር ሲታይ ጋዙ 500 ጁል ሙቀት ተቀበለ እንበል፤ ፒስተን ገፍቶም 200 ጁል ሥራ ሠራ። የፊዚክስ ተማሪው ከ500 ላይ 200 ቀንሶ 300 ያገኛል። የኬሚስትሪው ተማሪ ሥራውን ኔጋቲቭ 200 ብሎ ይጽፈዋል፤ ከ500 ጋር ሲደምረው እሱም 300 ያገኛል። ጋዙ አንድ ነው፤ መልሱም አንድ ነው። የተለያየው የሒሳብ አያያዙ ነው።

ኦፕንስታክስ ፊዚክስ የመጀመሪያውን መንገድ ይከተላል። 5.60 እና ሊብሬቴክስትስ የተባለው የኬሚስትሪ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛውን ይከተላሉ። አዲስ ምንጭ በከፈታችሁ ቁጥር ከሁሉ በፊት የመጀመሪያውን ሕግ ፈልጉና የሥራው ምልክት መደመር ነው ወይስ መቀነስ የሚለውን አረጋግጡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የብዙ ቀን ግራ መጋባት ያድናል።

4. በእጃችሁ አስሉ፣ ቀጥሎ በሲሙሌሽን እዩት

ቴርሞዳይናሚክስ በቁጥር ካልተነካ ንግግር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ስሌቶች ደጋግማችሁ እንድትሠሩ እመክራለሁ።

አንደኛው የሞተር ጣሪያ ነው። በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ተቀብሎ በ27 ዲግሪ የሚያስወጣ ሞተር ከፍተኛው ኢፊሸንሲው፣ ማለትም ከተቀበለው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ድርሻ፣ ስንት ነው? ዲግሪዎቹን ወደ ኬልቪን ስትቀይሩ በግምት 600 እና 300 ይሆናሉ። ቀዝቃዛው ለሞቃቱ ተካፍሎ ከ1 ሲቀነስ 50 በመቶ ነው። በሴልሺየስ ያሰላ ሰው ግን 92 በመቶ ገደማ ያገኛል። ቁጥሩ ደስ ስለሚል ብዙ ተማሪ ሳይጠራጠር ያልፈዋል። ሬሾ ባለበት ቦታ ሁሉ ኬልቪን መጠቀም ግዴታ ነው።

ሁለተኛው የኢንትሮፒ ስሌት ነው። 1 ኪሎግራም በ80 ዲግሪ ያለ ውሃ ከ1 ኪሎግራም በ20 ዲግሪ ካለ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ሙቀት ወደ ውጭ ካልወጣ 50 ዲግሪ ላይ ይረጋሉ። የውሃን የሙቀት አቅም በኪሎግራም 4180 ጁል በኬልቪን ያዙ። ትኩሱ ውሃ 371 ጁል በኬልቪን ገደማ ኢንትሮፒ ያጣል። ቀዝቃዛው 407 ገደማ ያገኛል። ጠቅላላው በ36 ገደማ ጨመረ። ኢነርጂ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ ኢንትሮፒ ግን ጨመረ። ሁለተኛው ሕግ ማለት ይህ 36 ነው። መልሶ ዜሮ የሚያደርገው መንገድ የለም። የመጀመሪያው ሕግ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ለብ ያለው ውሃ ወደ ትኩስና ቀዝቃዛ ቢለያይ ቅር አይለውም ነበር።

ከዚያ ፌት የተባለውን የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሲሙሌሽን ስብስብ ክፈቱ። ካርል ዊማን በ2002 የመሠረተው ነው። ስለ ጋዝ ባሕርያት የተሠራው ሲሙሌሽን ቅንጣቶቹ ግድግዳውን ሲመቱ፣ የግፊት መለኪያው ሲወጣና ሲወርድ ያሳያል። ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራም ማውረድ ይቻላል። ነገር ግን ዝም ብሎ ከመነካካት በፊት ግምታችሁን ጻፉ። “ይዘቱን (ቮልዩሙን) ሳልለውጥ ጋዙን ባሞቀው ግፊቱ ምን ይሆናል? ፒስተኑን በፍጥነት ብገፋው ቴርሞሜትሩ ይንቀሳቀሳል?” ግምት ከሌለ ሲሙሌሽኑ ጨዋታ ብቻ ነው።

5. እውነተኛ ሰንጠረዥ መጠቀም ልመዱ

መጽሐፍ ላይ ሁሉም ጋዝ አይዲያል ነው፤ ቅንጣቶቹ እንደማይሳሳቡ ይቆጠራል። ተፈጥሮ እንደዚያ አይደለም። ለእውነተኛ ቁጥር ኒስት ኬሚስትሪ ዌብቡክ የሚባለውን ተጠቀሙ። የአሜሪካ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም ያዘጋጀው ነው። ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አሞኒያ፣ ሚቴንና ሌሎችም ፈሳሾችና ጋዞች አሉበት። የምትፈልጉትን ዩኒት መርጣችሁ ሰንጠረዥ ወይም ግራፍ ያወጣላችኋል።

መለማመጃ እንዲሆናችሁ ውሃን ምረጡና 100 ዲግሪ ላይ ፈሳሹና እንፋሎቱ አብረው የሚኖሩበትን መስመር አውጡ። በሁለቱ ኢንታልፒ (የውስጥ ኢነርጂ ሲደመር የግፊትና የይዘት ብዜት) መካከል ያለው ልዩነት 2257 ኪሎጁል በኪሎግራም አካባቢ ነው። ግፊቱን ስታዩ ደግሞ 101.4 ኪሎፓስካል ይላል እንጂ የለመዳችሁትን 101.325 አይልም። ስህተት አይደለም። ዛሬ በሚሠራበት የመጠነ ሙቀት ስኬል ውሃ በ101.325 ኪሎፓስካል የሚፈላው በ99.97 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ልዩነት አይቶ ምክንያቱን መፈለግ ትምህርቱን የሚያጠልቀው ልማድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የኢንታልፒ ዜሮ የት እንደሚቀመጥ በስምምነት የሚወሰን ነው። ለማቀዝቀዣ ጋዞች አንዱ ሰንጠረዥ በ0 ዲግሪ ያለውን ፈሳሽ 200 ኪሎጁል ይለዋል፤ ሌላው በኔጋቲቭ 40 ዲግሪ ያለውን ዜሮ ይለዋል። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ከአንድ ሰንጠረዥ፣ ሌላውን ከሌላ ሰንጠረዥ ወስዳችሁ አትቀንሱ። ፓይተን የምትጽፉ ከሆነ ኩልፕሮፕ የተባለው ክፍት ላይብረሪ ይጠቅማችኋል። እሱ መጠነ ሙቀትን በኬልቪን፣ ግፊትን በፓስካል ነው የሚፈልገው።

6. ታሪኩን ከትምህርቱ ጎን ለጎን አንብቡ

ብዙ ሰው ታሪክን እንደ ማጣፈጫ ያየዋል። በቴርሞዳይናሚክስ ግን ታሪኩን ያላወቀ ሰው ለምን ሁለት ሕግ እንዳስፈለገ አይገባውም ብዬ አምናለሁ። መማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያውን ሕግ አስቀድመው ሁለተኛውን ያስከትላሉ። በታሪክ የመጣው በተገላቢጦሽ ነው።

በ1824 የ28 ዓመቱ ፈረንሳዊ ሳዲ ካርኖ ስለ እሳት አንቀሳቃሽ ኃይል አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከአንድ ሙቀት ምን ያህል ሥራ ማውጣት እንደሚቻል የሚወስነው የሞቃቱና የቀዝቃዛው አካል መጠነ ሙቀት ብቻ እንደሆነ አሳየ፤ የሚሠራበት ነገር አየር ይሁን እንፋሎት ለውጥ አያመጣም። ይህ የሁለተኛው ሕግ ዘር ነው። የሚገርመው መነሻው ነው። ካርኖ ያን ጊዜ የተመሠረተው ሙቀት የማይጠፋ ፈሳሽ ነገር ነው በሚለው የካሎሪክ ሐሳብ ላይ ነበር። ሐሳቡ ስህተት ነው፤ መደምደሚያው ግን ዛሬም ቆሟል። ካርኖ በ1832 በኮሌራ ሞተ፤ ገና 36 ዓመቱ ነበር። ወንድሙ በ1878 ያሳተማቸው ማስታወሻዎቹ ካሎሪክን ራሱ ትቶት እንደነበር ያሳያሉ።

በሌላ በኩል ካውንት ረምፎርድ በሙኒክ መድፍ ሲቦረቦር የሚወጣውን ሙቀት አጥንቶ በ1798 ጽፏል። በሰበቃ ብቻ ውሃ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ፈላ። ጄምስ ጁል ደግሞ በ1840ዎቹ ክብደት እየወረደ በሚያዞረው መቅዘፊያ ውሃ አማሰለና የሙቀቱን ጭማሪ ለካ። አንድ ፓውንድ ውሃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሥራ በእንግሊዞቹ አሮጌ መለኪያ 772 ፉት-ፓውንድ ሆኖ አገኘው፤ ዛሬ 778 ነው የሚባለው። ከአንድ በመቶ ያነሰ ልዩነት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግጭት ተፈጠረ። ጁል ሙቀት ወደ ሥራ ይለወጣል አለ። ካርኖ ደግሞ ሙቀቱ ሳይቀነስ ከሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ይወርዳል ብሎ ነበር። በ1848 የአብሶሉት መጠነ ሙቀትን ሐሳብ ያቀረበው ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ በሁለቱ መካከል ለዓመታት ተጨነቀ። በ1850 ሩዶልፍ ክላውዚየስ መውጫ አገኘ። የካርኖን መደምደሚያ ያዘ፤ የሙቀትን አለመቀነስ ግን ጣለ። ሁለቱ ሕጎች ለየብቻ የቆሙት ያን ጊዜ ነው። በ1865 ደግሞ ኢንትሮፒ የሚለውን ስም አወጣ።

አሁን አነባበቡን ላሳያችሁ። የካርኖን መጽሐፍ በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በ1890 በወጣው የሮበርት ተርስተን የእንግሊዝኛ ትርጉም ታገኙታላችሁ። ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ዋናውን በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ክምችት በጋሊካ ይፈልግ። ሒሳብ ስለማይበዛበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ሰው ይከተለዋል። ስታነቡ እርሳስ ያዙ። ካርኖ በሙቀት አለመቀነስ ላይ የሚደገፍባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አስምሩባቸው። ጨርሳችሁ ስትመለሱ ጥያቄው “የተሰመረባቸው ቢወጡ የቀረው ይቆማል?” የሚል ይሁን። ክላውዚየስ የሠራው ሥራ ይኸው ነው። እናንተ በራሳችሁ ስትሞክሩት ሁለተኛው ሕግ የራሳችሁ ይሆናል።

ከዚያ የጁልን የ1850 ጽሑፍ አንብቡ። የወጣው በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ነው፤ የረምፎርድም ጽሑፍ እዚያው አለ። ማኅበሩ የቆዩ ጽሑፎቹን ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ለሕይወት ታሪክ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ማክቱቶር ጥሩ ነው፤ ካርኖን፣ ክላውዚየስን፣ ቦልትዝማንን፣ ጊብስን ታገኙበታላችሁ። ጊዜ ለምን ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ ጥልቅ ጽሑፎች አሉት። ዊኪፒዲያን እንደ ካርታ ተጠቀሙበት፤ ዓመተ ምሕረትና ቁጥር ግን ከዋናው ጽሑፍ ጋር አመሳክሩ።

7. ወደ ሞለኪውሎቹ ውረዱ

ሁለቱ ሕጎች በእጃችሁ ከገቡ በኋላ ነው ስታቲስቲካል ሜካኒክስ፣ ማለትም ሕጎቹን ከብዙ ቅንጣቶች ባሕርይ የሚያወጣው ትምህርት፣ የሚጀመረው። ቀድሞ መጀመር አይበጅም። “ኢንትሮፒ ማለት ዝብርቅርቅ ነው” የሚለውን አባባል በየቪዲዮው ትሰማላችሁ። እኔ አልወደውም፤ ምክንያቱም ምን እንደሚቆጠር አይናገርም። የሚቆጠረው አደረጃጀት ነው። 100 ቅንጣቶች በሁለት እኩል ክፍል ውስጥ በነጻ ቢዘዋወሩ ሊኖሩ የሚችሉት አደረጃጀቶች 2 በራሱ 100 ጊዜ ሲባዛ የሚመጣው ነው። ባለ 31 አሃዝ ቁጥር ነው። ሁሉም ግራ ክፍል ውስጥ የሚገኙበት አደረጃጀት ግን አንድ ብቻ ነው። ጋዝ ተመልሶ ጥግ ላይ የማይሰበሰብበት ምክንያት ይህ ነው። ሉድቪግ ቦልትዝማን በ1877 ኢንትሮፒን ከዚህ ቆጠራ ጋር አገናኘው። በስሙ የሚጠራው ቋሚ ቁጥር ከ2019 ጀምሮ የኬልቪን ፍቺ መሠረት ሆኗል።

ለዚህ ደረጃ የመጀመሪያ ምርጫዬ ካልቴክ በነጻ ያስቀመጠው የፋይንማን የፊዚክስ ትምህርት ቅጽ 1 ነው። ከምዕራፍ 39 እስከ 46 ያሉትን አንብቡ። ምዕራፍ 46 በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ጥቃቅን ጥርስ ያለው ጎማ ከሞለኪውሎች ግጭት ሥራ ማውጣት ይችል እንደሆነ ይመረምራል፤ ደጋግሞ የሚነበብ ነው። ቪዲዮ የሚፈልግ የሊዮናርድ ሰስኪንድን የስታንፎርድ ትምህርቶች ዩቲዩብ ላይ ያገኛል። ጠበቅ ያለ ሒሳብ ለሚፈልግ የካምብሪጁ ዴቪድ ቶንግ ማስታወሻዎች አሉ። ከዚያም በላይ የመህራን ካርዳር የኤም አይ ቲ 8.333 ኮርስ አለ፤ እሱ የድኅረ ምረቃ ደረጃ ነው።

8. የማይረባውን ለዩ

በዚህ ርዕስ ዙሪያ ያለ ነዳጅ ለዘላለም የሚሽከረከር ማሽን ሠራን የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። አትከራከሩ። ወረቀት ላይ በማሽኑ ዙሪያ ድንበር ሳሉ። በድንበሩ በኩል የሚገባውንና የሚወጣውን ሙቀትና ሥራ ሁሉ ዘርዝሩ። ቪዲዮው ከነዚህ አንዱን ካላሳየ ጉዳዩ እዚያ ጋ ነው። እንደ መልመጃ ግን እነዚህ ቪዲዮዎች ጥሩ ናቸው።

9. ወደ ጎረቤት ሳይንሶች ተሻገሩ

ከዚህ በኋላ ምርጫው የየራሳችሁ ነው። ኬሚስትሪ የሚወድ አንድ ኬሚካዊ ለውጥ በራሱ ይካሄድ እንደሆነ የሚናገረውን የጊብስ ፍሪ ኢነርጂን በሊብሬቴክስትስ ይከተል። ጊብስ ዋና ሥራውን ከ1876 እስከ 1878 በኮነቲከት አካዳሚ መጽሔት ነው ያወጣው። የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል የጊብስን ሐሳብ በጣም ከመውደዱ የተነሳ ውሃ መሰል ነገርን ባሕርይ የሚያሳይ ሞዴል በጄሶ ሠርቶ ልኮለታል። የሥነ ሕይወት ሰው ባዮነምበርስ የተባለውን የሃርቫርድ የቁጥር ክምችት ይመልከት፤ ሴል ውስጥ ስላለው ኢነርጂ ከነምንጩ ይናገራል። ኮምፒውተር የሚቀናው ሰው መረጃ እንዴት እንደሚለካ ከሚያሳየው ከክሎድ ሻነን የ1948 ጽሑፍ ይጀምርና ወደ ሮልፍ ላንዳወር የ1961 ሥራ ይሻገር። ላንዳወር አንድ ቢት መረጃ መደምሰስ ሊወርድ የማይችል የሙቀት ዋጋ እንዳለው አሳይቷል፤ በ300 ኬልቪን 2.9 ሲባዛ በ10 ኔጋቲቭ 21 ፓወር ጁል ገደማ ነው።

የአየር ሁኔታ ለሚስባችሁ ደግሞ አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ወደ ላይ የሚወጣ ደረቅ አየር ሙቀት ሳይለዋወጥ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል። የመሬት ስበት ፍጥነት መጨመሪያን 9.81 ያዙ፤ የአየርን ቋሚ ግፊት ላይ ያለ የሙቀት አቅም 1004 ጁል በኪሎግራም በኬልቪን ያዙ። አንዱን ለሌላው አካፍሉና በ1000 ሜትር አባዙ። በየኪሎሜትሩ 9.8 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ከዚያ የመጀመሪያውን ሕግና የአየር ግፊት ከፍታ ሲጨምር እንዴት እንደሚቀንስ የሚገልጸውን ቀመር ይዛችሁ ይህ ስሌት ከየት እንደመጣ ራሳችሁ አውጡት፤ ካወጣችሁት በኋላ የሜትሮሎጂ መጽሐፍ ክፈቱ።